የበሰለ ዛፍ ሥር፦ ጎንደር ላይ ወፎች በበጋ ፍሬ ሲለቅሙ ለማየት

ጎንደር ላይ ወፍ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ፍሬው የበሰለ አንድ ዛፍ ፈልጎ አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ይህን ለማወቅ እኔ ሁለት በጋ ፈጅቶብኛል። በፊት ወፍ ባየሁ ቁጥር ከኋላዋ እሄድ ነበር። እሷ ትበራለች፣ እኔ እከተላለሁ። ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ጧቱ ያልቃል፤ ያየሁት ጭራዋን ብቻ ነው። አንድ ቀን ደክሞኝ አንድ ሾላ ሥር አረፍ አልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስድስት ዓይነት ወፍ ከራሴ በላይ ፍሬ ይለቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወፍ አልፈልግም፤ የምፈልገው ዛፍ ነው።

ጊዜው ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ቢሆን ጥሩ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሳሩ ደርቋል፣ ነፍሳት ቀንሰዋል፣ እህሉም ታጭዶ አውድማ ገብቷል። ፍሬ ግን ለወፍ ምግብም ውኃም ነው። በዚያ ላይ እንግዶች አሉ። አውሮፓ ላይ ብርዱ ሲጠና ብዙ ወፎች ወደ እኛ ይመጣሉ። ከእነሱ አንዷ ድንቢጥ የምታክል ግራጫ ወፍ ናት። ወንዱ ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል፤ የሴቷ ቆብ ቡናማ ነው። አገሯ በበጋ ነፍሳት ትለቅማለች፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ግን ፍሬ ላይ ትበረታለች። ፈረንጆቹ ክረምት የሚሉት ወር ለኛ በጋ መሆኑ ለእሷ ትልቅ ነገር ነው።

1. መጀመሪያ መሬቱን እዩ

ወደ ላይ ከማንጋጠጣችሁ በፊት ወደ ታች እዩ። የተፈረካከሰ ፍሬ፣ ግማሹ የተበላ ሾላ፣ ዘር የተቀላቀለበት ኩስ ድንጋዩ ላይ ካገኛችሁ ደርሳችኋል። ኩሱ ርጥብ ከሆነ ወፎቹ ዛሬ ነበሩ። ደርቆ ከነጣ ፍሬው አልቆ ሊሆን ይችላል። በማለዳ ብዙ ፍሬ ረግፎ ካያችሁ ደግሞ የሌሊት ወፎች ሲበሉ አድረው ሊሆን ይችላል። ያም ጥሩ ምልክት ነው፤ ዛፉ በስሏል ማለት ነው።

ከዛፎች ሁሉ ዋርካና ሾላን አስቀድሙ። ምክንያቱ ደስ ይላል። የሾላ ፍሬ የምንለው ውስጡን በትናንሽ አበቦች የተሞላ ከረጢት ነው። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ትንሽ ተርብ በጫፉ ቀዳዳ ገብታ አበቦቹን ታዳቅላለች። የተርቧ ዕድሜ በጣም አጭር ነው። ስለዚህ ዘሯ እንዳይጠፋ ዓመቱን ሙሉ፣ የሆነ ቦታ፣ የሚቀበላት አንድ ዛፍ መኖር አለበት። በዚህ የተነሳ ሾላዎች እንደ ማንጎ በአንድ ወቅት አብረው አይበስሉም። ይኸኛው ሲያልቅ ያኛው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ባዶ በሆነበት ወር አንድ ሾላ በፍሬ ተንዠርጎ ልታገኙ ትችላላችሁ። የሰፈሩ ወፍም ያን ጊዜ እዚያ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ባለፈው ሳምንት ጥሩ የነበረው ዛፍ ዛሬም ጥሩ ነው ብላችሁ አትሂዱ። በየሳምንቱ ዞራችሁ እዩ። እኔ በሰፈሬ ዙሪያ ሰባት ዛፎች አሉኝ። ቅዳሜ ጧት ዞሬ ሥራቸውን አያለሁ፤ እሑድ የበሰለው ዘንድ እቀመጣለሁ።

ጽድ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ጽድ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቴዋ ናት። ወንዴው ሥር ቀኑን ሙሉ ብትቀመጡ ፍሬ ለመልቀም የሚመጣ ወፍ አታዩም። ሴቴዋን የምታውቋት ከሽምብራ በማይበልጡ፣ ነጭ ዱቄት የተነፋባቸው በሚመስሉ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬዎቿ ነው። አረንጓዴ ከሆኑ ገና ናቸው።

ወይራው ፍሬው ሲጠቁር ነው ጊዜው። ዋንዛ ቢጫ ሆኖ ሲያጣብቅ። አጋም ሲጠቁር። ቁንዶ በርበሬም ግቢያችሁ ካለ ሮዝ ዘለላዎቹን አትናቁ። የወፍ ቆሎን ደግሞ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል፤ ከአጥር ሥር ጥቁር ፍሬው ሲያንጸባርቅ ወፍ አይጠፋበትም።

አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር፦ ተቀጽላ። ሌላ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚበቅለው ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ዛፍ ገዳይ ነው ብሎ ይጠላዋል። ፍሬው ግን የሚጣበቅ ነው፤ የበላችው ወፍ ዘሩን ቅርንጫፍ ላይ ጠርጋ ትጥለዋለች፣ እዚያው ይበቅላል። ተቀጽላ የበዛበት ግራር ካያችሁ ዓይናችሁን አትንቀሉ። አውራ ጣት የምታክል፣ ግንባሯ ቢጫ፣ እንደ ትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ ቶክ እያለች የምትጮህ ወፍ ልትኖር ትችላለች።

2. የት እንደምትቀመጡ

የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚበልጠው የለም። ዛፉ ያረጀ ነው፣ አይቆረጥም፣ ወንጭፍም አይወረወርበትም። ወፎቹ ይህን የሚያውቁ ይመስለኛል፤ ውጭ 50 ሜትር ላይ የምትበረው ወፍ ግቢው ውስጥ 10 ሜትር ታስጠጋለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ በጽድ የተከበበ ነው። ቁስቋምም ከከተማው ወጣ ያለና ዛፍ ያለው ነው። የፋሲል መዋኛ ዘንድ ደግሞ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር ግንቡን አቅፎ ወርዶ ታያላችሁ። ግን እዚያ ጥምቀት በሚቀርብበት ሰሞን አትሂዱ። ከቀሃ ወንዝ ውኃ የሚሞላበት፣ መድረክ የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ጥር 11 ካለፈ በኋላ ሰዉ ሲበተን ሂዱ።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ፈቃድ ጠይቁ። በቅዳሴ ሰዓት መነጽር (ባይኖክላር) ይዛችሁ አትዙሩ። ሴቶች ወይም የሚጸልይ ሰው ወዳለበት አቅጣጫ መነጽር አታንሡ፤ ወፍ እያያችሁ መሆኑን ማንም አያውቅላችሁም። ከተማው ውስጥም ካምፕ፣ ኬላ ወይም የመንግሥት ግቢ ባለበት በኩል በፍጹም አታነጣጥሩ። ጥሩ ዛፍ እዚያ በኩል ቢኖርም ተዉት፣ ሌላ ዛፍ አለ።

አንድ ጧት አንድ ግቢ ውስጥ ዘበኛው መጡና፣ «ልጄ፣ ምን ጠፋብህ?» አሉኝ። «ምንም አልጠፋብኝም አባቴ፣ ወፍ እያየሁ ነው» አልኳቸው። መነጽሩን ሰጠኋቸው። ብዙ ቆይተው መለሱልኝና፣ «እቺ አረንጓዴዋ ሰዉ ከቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው የምትመጣው፤ አሁን በከንቱ ነው የምትጠብቃት» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የግቢ ዘበኛን፣ ቆሎ ተማሪን፣ ከብት ጠባቂን ጠይቁ። ዛፉ መቼ እንደበሰለ ከእናንተ በፊት ያውቃሉ።

ስትቀመጡ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው ፀሐይ ነው። ጧት ከዛፉ በስተ ምሥራቅ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ እዩ። ፀሐይ ከጀርባችሁ ካልሆነች ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዛፉ ተዳፋት ላይ ከሆነ ከላይ በኩል ተቀመጡ። ጫፉ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ይሆናል፣ አንገታችሁም አይታመምም። ከ15 እስከ 20 ሜትር ርቀት ይበቃል። ሥሩ ድረስ አትግቡ፤ ቅጠሉ ይሸፍናችኋል።

3. ሰዓቱና ዕቃው

ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁ ላይ ሁኑ። እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከዚያ ፀሐዩ ሲበረታ ወፎቹ ጥላ ይይዛሉ። ከ10 ሰዓት በኋላ እንደገና ይመጣሉ፤ ግን የጧቱን ያህል አይደሉም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ አጥንት ይሰብራል። ጋቢ ልበሱ። ጋቢ የምለው ለብርዱ ብቻ አይደለም። ሲንቀሳቀሱ ኮሽ የሚል የፕላስቲክ ጃኬት ወፍ ያስደነግጣል። ጋቢ የለበሰ፣ ዝም ያለ ሰው ግን የግቢ ወፎች በየቀኑ የሚያዩት ነው። አይሸሹትም።

መነጽር ካላችሁ 8 በ42 የተጻፈበት ለዚህ ሥራ ይስማማል። ያጎላል፣ ብርሃንም ያስገባል፣ እጅ ላይም ብዙ አይንቀጠቀጥም። ከሌላችሁ አትጨነቁ፤ ፍሬ የሚበላ ወፍ አንድ ቦታ ስለሚቆይ በዓይንም ይታያል። ካላችሁ ግን አንድ ጊዜ በደንብ አስተካክሉት። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ዓመት ሙሉ በደበዘዘ መነጽር ያያል።

መጀመሪያ ሁለቱ በርሜሎች እንደ መጽሐፍ ይታጠፋሉ፤ የሚታያችሁ አንድ ክብ እስኪሆን አጥፉ። ቀጥሎ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በግራው ብቻ አንድ ቅጠል እዩ፣ መሐል ያለውን መዘውር አዙራችሁ አጥሩ። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ ያንኑ ቅጠል በቀኙ እዩ። አሁን መሐለኛውን አትንኩ፤ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ትንሽ ቀለበት አዙሩ። አለቀ። ከዚህ በኋላ መሐለኛው ብቻ ይበቃችኋል።

ወፏን በመነጽር አትፈልጉ። በዓይናችሁ አግኟት፣ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ቤታችሁ ሆናችሁ የጎረቤት ጣሪያ ላይ ባለች ርግብ ተለማመዱ።

ሌላው ደብተርና እርሳስ ነው። ስልክም ይሆናል፣ ድምፁን አጥፉት።

4. 20 ደቂቃ ዝም

ስትደርሱ ወፎቹ ይበራሉ። አትዘኑ፣ አትነሱ። እስከ 20 ደቂቃ አትንቀሳቀሱ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመለሰው ቡልቡል ነው፤ ራሱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው አካሉ ቡናማ፣ ከሰው ጋር የለመደና ወሬኛ። እሱ መጥቶ መብላት ከጀመረ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ዛፉን በዓይናችሁ አራት አድርጋችሁ ክፈሉት፦ ጫፍ፣ ዳር፣ ውስጥ፣ መሬት። ወፎች ዛፉን የሚካፈሉት እንዲሁ ነው።

ጫፍ ላይ ርግቦችን ፈልጉ። ግን አንድ ነገር ለዩ። በፋሲል ግንብ ላይ የምታዩአት፣ ከአንገቷ ኋላ ነጭ ክር የመሰለ ያላት ግራጫ ርግብ የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቻ ናት። ለእኛ ትልቅ ክብር ናት፤ ነገር ግን እሷ በአብዛኛው እህል ለቃሚ ናት። ፍሬ ላይ የምታገኟት ርግብ ሌላ ናት። ጠቆር ያለች፣ ትልቅ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፣ መንቁሯና የዓይኗ ዙሪያ ደማቅ ቢጫ የሆነ። የወይራን ፍሬ ከነዘሩ ትውጣለች።

ዝቅ ወዳለው፣ ወደ ጎርጎራና ጣና ዳር ብትወርዱ ደግሞ ሾላ ላይ አንዲት ሌላ ርግብ አለች፤ ሆዷ ቢጫ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ። ሾላ ቅጠል ውስጥ ሃያ ሆነው ቢቀመጡ አንዷን እንኳ ላታዩ ትችላላችሁ። በ1770 በፈረንጆች አቆጣጠር ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ስሟን «ዋልያ» ብሎ ጻፈ። ሳይንሳዊ ስሟ ላይ ይህ ቃል እስከ ዛሬ አለ። እኛ ዋልያ ስንል የምናስበው የሰሜን ተራራውን ነው፤ ብሩስ ግን ወፏን በዚህ ስም መዝግቦ ሄደ።

ዳር ዳሩን ረጅም ጭራ ያላቸው ግራጫ ቡናማ ወፎች በቡድን ይንጠለጠላሉ። ራሳቸው ላይ ቁንጮ አላቸው፤ ቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ ይሄዳሉ። ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ሲንጠለጠሉ ካያችሁ ቅጠሉንና ፍሬውን እየፈጩ ነው፣ ሙቀቱ ይረዳቸዋል። እዚያው ዳር ላይ አካሉ ቢጫ፣ ራሱ ጥቁር፣ ፉጨቱ የሚያምር ወፍም አይጠፋም።

ውስጥ፣ ጥላው ውስጥ፣ ትዕግሥት የሚጠይቁት አሉ። አንደኛዋ ትንሿ አረንጓዴ በቀቀናችን ናት። ክንፏ ሥር ጥቁር ነው፣ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፣ የሴቷ ግንባር አረንጓዴ ነው። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዱር የለችም። ስትበር ትጮሃለች፤ ስትበላ ግን ዝም ትላለች። የምታገኟት በሚረግፈው ነው። የተፈረፈረ የጽድ ፍሬ ከላይ ሲወርድ ካያችሁ ቀና በሉ። ይህ ብልሃት ከመነጽር ይበልጣል።

ሁለተኛዋ ቱራኮ ናት። አረንጓዴ፣ የዶሮ ጫጩት ከፍ ስትል የምታክል፣ ጉንጯ ላይ ነጭ ያለባት። ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች። ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትዘል ክንፏ ይከፈትና ደም የመሰለ ቀይ ይታያል። ያ ቀይ ከብርሃን ጨዋታ የመጣ አይደለም፤ ውስጡ መዳብ ያለበት እውነተኛ ቀለም ነው። መጀመሪያ ያየኋት ቀን ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እስከ ዛሬም ስትዘል እንዲያ ነኝ።

መሬቱን አትርሱ። የረገፈውን የሚለቅሙ አሉ፤ እየሮጡ ቆም፣ እየሮጡ ቆም የሚሉ ቡናማ ወፎች።

5. ስሟን ከማወቅ በፊት አበላሏን እዩ

ስም በኋላ ይመጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ850 በላይ ዓይነት ወፍ አለ፤ ስም ለመሸምደድ ከተጣደፋችሁ ዓይናችሁ ይታወራል። ይልቅ ይህን መዝግቡ፦ ፍሬውን ዋጠችው፣ ቀጠቀጠችው ወይስ ወግታ ጠጣችው? የዋጠች ወፍ ዘሩን ሌላ ቦታ ሄዳ ትጥላለች፤ ዛፍ ተካይ ናት። በቀቀኗ ዘሩን ራሱን ሰብራ ስለምትበላ ብዙም አትተክልም። በልታ የሄደችው በየት በኩል ነው? ስንት ደቂቃ ቆየች? ማንስ አባረራት? አንድ ገጽ እንዲህ ከሞላችሁ ስሟን ለማግኘት ቀላል ነው።

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዛፉን ዓይነትና የፍሬውን ቀለም ከላይ ጻፉ። ሁለተኛው በጋ ላይ ይህ ደብተር ዛፎቹ የሚበስሉበትን ይነግራችኋል።

6. የማይደረግ

ዛፍ አትነቅንቁ። ድንጋይ አትወርውሩ። የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍታችሁ አትጥሩ፤ ወፏ ጠላት መጣ ብላ መብላቷን ትታ ትንገላታለች። ጎጆ ካገኛችሁ ራቁ። ዳቦ አትበትኑ፤ ፍሬ ያለበት ዛፍ ላይ ዳቦ ምን ያደርግላቸዋል?

ወንጭፍ የያዙ ልጆች ሲመጡ አትቆጡ። ለልጆቹ ወፍ ማባረር ከማሽላ ማማ ላይ የወረሱት ሥራ ነው። እኔ የማደርገው መነጽሩን መስጠት ነው። አንዱ ልጅ ቱራኮዋን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ክንፏ እሳት ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ፣ በረረች። ግን በቀጣዩ ሳምንት ያለ ወንጭፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዛሬ ሰባቱን ዛፎች ከእኔ በላይ ያውቃል።

7. ግቢያችሁ ውስጥ

አንድ ጣባ ውኃ ጥላ ሥር አኑሩ፣ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ፣ በየቀኑ ቀይሩት። የካቲት ላይ ከማንኛውም ፍሬ ይልቅ ወፍ ይጠራል። መትከል ካሰባችሁ አጋም ለአጥር፣ ወይራ ወይም ዋንዛ ለጥላ። የወፍ ቆሎን ግን አትትከሉ። ወፍ ይወደዋል፣ እውነት ነው፤ ከሌላ አገር የመጣና ግጦሹን የሚወርር ነው፣ ከብትም ይመርዛል። ያለውን ተመልከቱበት፣ አትጨምሩበት።

ክረምት ሲገባ ደግሞ አጥራችሁ ሥር፣ ወፎች የሚያርፉበት ሽቦና ቅርንጫፍ ሥር፣ ማንም ያልተከለው ችግኝ ይበቅላል። አረም ብላችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት። ጠባብ ከሆነ፣ ላዩ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ የታችኛው ገጹ ፈዘዝ ካለ፣ ወይራ ሊሆን ይችላል። ሦስት ድንጋይ ዙሪያውን አድርጋችሁ ተዉት።